ከማሽኑ ጀርባ «አለሁ»

ወረታ ውስጥ በምሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ቤት፣ ማሽኑ ሲያስቸግር «ጋሼ!» ብሎ መጣራት የኔ ሥራ ነበር። «አለሁ» ማለት ደግሞ የእሳቸው። ሽማግሌው መካኒካችን ከማሽኑ ጀርባ ነው የሚውሉት። ቢያማቸውም ቢከፋቸውም ከ«አለሁ» ሌላ መልስ የላቸውም። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዘንጉ የሚሽከረከርበትን የታመመ ኩሽኔታ ያዳምጣሉ። አንዳንዴ «ነይ፣ ስሚው» ይሉኛል። እኔ ግን ባለቤቱ ባሕር ዳር ልኮ እስኪያሠለጥነኝ እጠብቅ ነበር። ዘንድሮ ይልከኛል ስል ስንት ዘንድሮ አለፈ።

ጋሼ የሞቱት የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ሳለ ነው። ከቀብር መልስ ማሽኑን ስናስነሣው ሳል ጀመረው። የእሳቸው ሳል ነበር፤ አጭር አጭር ብሎ መጨረሻው ላይ የሚጎተት። አርባ ሳይወጣ ነፍስ የዋለችበትን ትዞራለች ይባላል። ሩዝ ይዘው የመጡት ሴቶች አማትበው ደጅ ቆሙ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ገለባ ስጠርግ እንኳ ጀርባዬን ለማሽኑ አልሰጥም ነበር።

ባለቤቱ መንፈስ አይፈራም፤ የሚፈራው የማሽኑን መቆም ነው። «ለገበያው ቀን ካልተስተካከለ ከባሕር ዳር ባለሙያ አመጣለሁ» አለኝ። «እሱ ደግሞ ረዳቱን ይዞ ነው የሚመጣው።» ረዳት ከመጣ እኔ ወደ ቤቴ ነኝ። ለካ እስከዛሬ በጋሼ እጅ ነው ሠራተኛ የተባልኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

በማግስቱ ጠዋት ከጣና የተነሣ ጭጋግ በሩን ደፍኖታል። ካቻቢቴያቸው እንደተሰቀለ ነው፤ ደፍሮ የነካው የለም። እጀታው በጆሯቸው ወዝ ጠቁሯል። አወረድኩት፤ ማሽኑን አስነሥቼ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። እያዘዋወርኩ አዳመጥኩ። ከወደ በሩ ያለው ኩሽኔታ ጤነኛ ነው። ከጀርባ፣ እሳቸው ይቀመጡበት ከነበረው ጎን፣ ሳሉ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ማሽኑን አጥፍቼ ፈታሁት። ግራሶው ደርቆ ብናኝ ጠጥቷል። ጠርጌ፣ አዲስ ቀብቼ ገጠምኩት። ሲነሣ ሳሉ የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ አለቀስኩ። ጋሼ ሁለተኛ የሞቱ መሰለኝ።

ወዲያው መብራት ሄደና ቤቱ ጸጥ አለ። ጆሮዬ ግን ገና ይጮሃል። ከጭጋጉ ውስጥ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ደንበኛችን፣ አንዲት እናት፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው እንደራሰ ብቅ አሉ።

«ኧረ ተመስገን! ሞቱ ብለውኝ አልቅሼ ነበርኮ» አሉ።

«ማን እማማ?»

«ጋሼ ነዋ! አሁን ከደጅ ብጣራ አለሁ አሉኝ።»

ዞሬ አየሁ፤ ከማሽኑ ጀርባ ከኔ በቀር ማንም የለም።

«የእሳቸው ድምፅ ነው?»

«ያው የሻከረው ድምፃቸው ነዋ።»

«እማማ፣ ጋሼ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። የገለባው ብናኝ ስንት ዓመት የሞረደው ድምፄ ልክ እንደ ጋሼ ሻክሮ ለራሴ ተሰማኝ። ሳላውቀው የመለስኩላቸው እኔ እሆን? ሴትዮዋ ቀና ብለው አፌን አዩኝ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ካቻቢቴ አዩና ቀስ ብለው አማተቡ።

በዚህ መሀል ከደጅ ሌላ ደንበኛ «ጋሼ!» ብሎ ተጣራ።

ሁለታችንም ጠበቅን። የመለሰ የለም።

«አለሁ» አልኩ።