«ኑር» የሚለው ግድግዳ

በጀርመን አገር፣ በኡንተርሊደርባህ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ባልዲ ታቅፎ፣ የተተኮሱ የጥይት ቀለሃዎችን አንድ በአንድ ማግኔት ያስነካል። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«የተኩስ ክበብ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እማማ። የሚፈቀደው የናስ ቀለሃ ብቻ ነው፤ ብረት ከቀላቀልሁ እባረራለሁ። ይኼን ይዩልኝማ! መልኩ ናስ ነው፣ ማግኔቱ ግን ይዞታል። የቱን ልመን?»

እኔም ቀለሃውን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት።

«የክበቡ ግድግዳ ላይ ‹ኑር ሜሲንግ› ይላል። በጀርመንኛ ‹ናስ ብቻ› ማለት ነው። እኔ ግን ‹ኑር› የሚለውን ባየሁ ቁጥር ሰው የመረቀኝ ይመስለኛል» ብሎ ሳቀ።

አውቶቡስ መጣ። ቀና ብሎ ቁጥሩን አየና፣ «ወደ ልብ ሐኪሜ የሚወስደኝ ይኼ ነበር፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ አለኝ» አለ። በሩ እስኪዘጋ አልተነሳም፤ ሌላ ቀለሃ አነሳ።