የዕቃ ቤት ሙሽራ

ወርቂቱ በታናሽ እህቷ በደራርቱ ቀናች። ነገሩን ማለባበስ አይጠቅምም፤ ቅናት ነው፣ ያውም ሆድ የሚያቃጥል። ነቀምት ውስጥ በካቶሊክ ሚሲዮኑ አጥር ጥግ ተቀምጣ የግማሹን ከተማ ቀሚስ የምትሰፋ፣ እጇ የተባረከ፣ ምላሷም ለማንም የማይመለስ ሴት ነበረች። የእህቷን የሙሽራ ቀሚስ ጨርቅ ፊቷ ከዘረጋች ወዲህ ግን የስፌት መኪናው መሄድ እምቢ ያለ ይመስል ሥራው አልገፋ አለ።

ምክንያቱ የቆየ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1944 ዓ.ም.፣ እሷ ራሷ አናጺውን ዋቅወያን ስታገባ ሰውዬው ፕሮቴስታንት ነበር። የሚሲዮኑ ቄስ አባ ተክለጻድቅ ከጳጳሱ ፈቃድ አስመጡ፤ ዋቅወያም የሚወለዱት ልጆች ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ ፈረመ። ይህም ሁሉ ሆኖ ሥርዓቱ አልላላም። መሠዊያው ፊት መቆም የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ ደወል የለም። ከመሠዊያው ኋላ ባለችው ዕቃ ቤት፣ በተሰቀሉት የካህናት አልባሳት መሀል፣ ሁለት ምስክር ባለበት ቃል ኪዳን ገብተው በጓሮ በር ወጡ። ወርቂቱ ያንን የጓሮ በር ይቅር አላለችውም።

ደራርቱ ደግሞ ዕድሏ ሆነና የምታገባው የጊምቢው መምህር ሞረዳ ከነዘር ማንዘሩ ካቶሊክ ነው። ቤተሰቦቹ ሰርጉ ጊምቢ ይሁን አሉ፤ የሙሽራዋ አጎቶች ደግሞ ዳሱ ውስጥ ይፈጸምና እዚያው እንብላ አሉ። አባ ተክለጻድቅ ሁለቱንም መለሱ።

«ጋብቻ በሙሽራዪቱ ደብር ነው። ዳሱን ብሉበት፣ ጠጡበት፤ ቃል ኪዳን ግን በወጥ ሽታ መሀል አይገባም።»

ስለዚህ ደራርቱ በዋናው በር ልትገባ፣ ምንጣፍ ላይ ልትራመድ፣ ደወል ሊደወልላት ነው። ወርቂቱ ይህን ባሰበች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

መቼም ቀናተኛ ሰው ዘዴ አያጣም። ከዐቢይ ጾም በፊት የቀረችው እሑድ አንዲት ብቻ ነበረች። ጾሙ ከገባ ማጋባት ቢፈቀድ እንኳ ደወልና አበባ፣ ዝማሬና የተክሊል ቅዳሴ የለም። ፋሲካን እንዳይጠብቁ ሞረዳ ወደ ደምቢ ዶሎ ተዛውሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚስቱን ይዞ መሄድ አለበት። ቀሚሱ ለእሑድ ካልደረሰ፣ ደራርቱም እንደ እሷ ደወል ሳይደወልላት ታገባለች ማለት ነው። ወርቂቱ ረቡዕ ዕለት «ክር አለቀብኝ» አለች። ሐሙስ «ወገቡ አልገጠመም» ብላ የሰፋችውን ፈታችው። ወገቡ ልክክ ብሎ ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ደራርቱ መጥታ እጅጌ የሌለውን ቀሚስ ስታይ አለቀሰች።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ምን አደረግሁሽ?»

ደጅ ላይ እንጨት ሲልግ የነበረው ዋቅወያ ለቅሶውን ሰምቶ ገባ።

«ተይ አታልቅሺ፣ ይደርሳል» አላት። «እህትሽ እኮ እጇ የፈዘዘው ስላዘነችልሽ ነው።»

«ለምን ታዝንልኛለች?»

«አንቺን ሕዝብ ሁሉ በሚቀመጥበት ሊያጋቡሽ ነዋ! እኛን አባ ሰው ወደማይገባበት ወደ ውስጥ ወስደው፣ የወርቁ ጽዋ አጠገብ አቁመው ነው ያጋቡን። እኔን፣ የሌላ ቤት ሰውዬ! እናቴ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ኖራ ነው የሞተችው።»

እንዲህ ሲል ከልቡ ነበር። ወርቂቱ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ክብር መሰለህ? የደበቁን እኮ ነው! አንተ ካቶሊክ ስላልሆንክ መሠዊያው ፊት መቆም ተከልክለን ነው! በየሰዉ ሰርግ አንገቴን የምደፋው በአንተ ነው፣ ሰምተሃል?»

ዋቅወያ እጁ ላይ የቀረውን ፍቅፋቂ አንድ በአንድ አራገፈ።

«ማንም አልነገረኝም» አለና ወጣ።

ደራርቱም እንባዋን ጠርጋ ተከትላው ወጣች። ወርቂቱ የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች፤ ቀሚሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

እሑድ ደወሉ ተደወለ። ሙሽሮቹ በዋናው በር ሲያልፉ ሕዝቡ እልል እያለ ተከተላቸው። ወርቂቱ ያ ሁሉ ቅናቷ የት እንደገባ አታውቅም፤ ዓይኗ የሚፈልገው ባሏን ብቻ ነበር። ዋቅወያ የክት ኮቱን ለብሶ ደጅ ቆሟል። የገና በዓል በመጣ ቁጥር ከእሷ ቀድሞ ገብቶ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው፣ ዛሬ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ሥር ቀርቷል።

«ና እንጂ፣ ሊጀመር ነው» አለችው ከደረጃው ላይ ሆና።

«ወርቂቱ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አገሩን እንደማያውቅ መንገደኛ፣ «ለእኔ የሚፈቀድልኝ እስከየት ድረስ ነው?»

ውስጥ ዝማሬው ተጀመረ። ወርቂቱ ነጠላዋን ሰብስባ ከደረጃው ወረደችና አጠገቡ ቆመች፤ የእህቷን ተክሊል ሳታይ ቀረች።