አረፋ የነሳን ውሃ

አባቴ ምላጩን ለእኔ የሰጠኝ ሰው አቁስሎ ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብላ ባለችው ጸጉር ቤታችን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የላጫቸውን ደንበኛውን ከአገጫቸው ሥር ቆረጣቸው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሲናገሩም ቃለ ጉባኤ የሚይዙ ይመስል ቀስ ብለው ነው። “ምንም አይደለም፣ ጭረት ናት” አሉ። ፎጣው ግን ቀልቷል። በአንድ ወር ውስጥ አባቴ ሰው ሲቆርጥ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ደሙን በጥጥ ይዞ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ነጭ ጋውኑን አወለቀና “እጄ ከዳኝ” አለ። ለእሳቸው ይበለው፣ ለእኔ ይበለው፣ ለመስታወቱ ይበለው አላወቅሁም።

ልዋሽ አልፈልግም። አዝኛለሁ፤ ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። በሩ አጠገብ ያለው የእኔ ነው፤ በማሽን ጸጉር የምቆርጥበት። ወደ ውስጥ ያለው የጺም ወንበር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ማሽን ፊታቸው አጠገብ ድርሽ እንዲል አይፈልጉም። የጋለ ፎጣ፣ በብሩሽ የተመታ አረፋ፣ ምላጭ፣ በቃ። እኔም መላጨቱን ከራሱ ከአባቴ ተምሬ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ላጭቻለሁ። ቅዳሜን ግን አልሰጠኝም። በጠየቅሁት ቁጥር “ቆይ፣ ትደርሺበታለሽ” ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።

ያን ቀን ማታ ራት እየበላን “የሚመጣው ቅዳሜ ያንቺ ነው” አለኝ። “ሽማግሌዎቹ ከተቀበሉሽ ወንበሩን ውሰጂው። ካልተቀበሉሽ የጺሙን ነገር እንተወዋለን፤ ወንበሩንም ለፈለገ ሰው እንሰጣለን።”

ቅዳሜ ደረሰ። ጡረተኛው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ወንበሩ ላይ ወጡ። አባቴን ስለሚወዱ እንጂ እኔን አምነው እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። የባለፈው ቁስል አገጫቸው ሥር ገና ቀይ ነው። አግዳሚው ላይ ደግሞ ሐጂ ተቀምጠዋል። ከወሎ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጺማቸውን ለማስተካከል ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ እንጂ እኔን ለማየት እንደመጡ አላጣሁትም። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ወደ ውስጥም አይገቡም፣ አይሄዱምም።

ብሩሹን ከማንቆርቆሪያው በቀዳሁት ሙቅ ውሃ ነክሬ ሳሙናው ላይ አሽከረከርኩ። የአባቴን እጅ እያሰብኩ ነው፤ ክቡን፣ ፍጥነቱን፣ ብሩሹን የሚያነሳበትን። አረፋው ወጣ፤ ዕቃ ሲታጠብ እንደሚወጣው ትልልቅ ሆኖ ወጣና ወዲያው ፈሰሰ። ከሥሩ የተቆራረጠ እርጎ የሚመስል ግራጫ ነገር ቀረ። ሳሙና ጨመርኩ፤ ትንሽ ቆመልኝ። ሞላልኝ ብዬ ጉንጫቸው ላይ ስቀባው እየከሰመ ቆዳቸው ታየ። እንደገና መታሁ። ክንዴ ዛለ። ቤቱ ውስጥ ከብሩሹ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

“ልጄ፣” አሉ ሐጂ ከአግዳሚው፣ “ሳሙናውም ጡረታ ወጣ እንዴ?”

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ጡረተኛው አልሳቁም። እኔም ይበልጥ ከቆየሁ ሁሉም ተራ በተራ ብድግ ብለው እንደሚሄዱ ስለገባኝ፣ ምላጩን ከጆሯቸው ሥር አሳረፍኩና ወደ ታች ሳብኩ። መንሸራተት ሲገባው ያዘ። ቆዳው አብሮ ሲጎተት በጣቴ ተሰማኝ። ጡረተኛው የወንበሩን እጀታ ጭብጥ አድርገው ያዙ። “ቀስ በይ፣ ልጄ” አሉ፤ ቃለ ጉባኤው ጠፍቶ ድምፃቸው ቀጥኗል። ምላጩን አነሳሁ። የአባቴ በሽታ ወደ እኔ የተጋባ መሰለኝ።

ጊዜ ለመግዛት ብዬ እጄን ልጠርግ ስል ጣቶቼ ተጣበቁብኝ። ሳሻቸው ሙጫ የመሰለ ነገር አለ። ይህንን ነገር አውቀዋለሁ። እሁድ እሁድ ልብስ ሳጥብ የሳፋው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የሚቀረው ነው፣ በመከራ ተፍቆ የሚለቀው።

መንገዱ መቆፈር ከጀመረ ወዲህ ቧንቧችን ደርቆ፣ ከሰኔ ጀምሮ የምንጠቀመው የቦቴ ውሃ ነው። ከከተማው ዳር ካለ ጉድጓድ ይመጣል፤ ተሰልፈን በጀሪካን እንቀዳዋለን። መልኩ ንጹህ ነው፣ ኩልል ያለ። የግቢያችን ሴቶች ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላን አወቅነው፤ ይህ ውሃ ሳሙና ይበላል። አንድ ሙሉ ሳሙና ጨርሰሽ ነጩ ልብስ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ሁላችንም አሸንዳ ሥር በርሜል አስቀምጠን የክረምቱን ዝናብ ለልብስ የምናጠራቅመው። በኋላ ስጠይቅ እንደተረዳሁት፣ የጉድጓድ ውሃ ከድንጋዩ ውስጥ ኖራ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ሳሙናው አረፋ መሆኑን ትቶ ከእሱ ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ይሆናል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የተጋገረው ነጭ ነገርም እሱ ነው። የዝናብ ውሃ ይህ የለበትም።

አባቴ ይህን ከየት ይወቅ? በሕይወቱ አንድ ካልሲ አጥቦ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ቧንቧውን ሲከፍተው ያው ውሃ ነው የመጣለት። እኔ ግን ምን ነካኝ? ጋውን ስለብስ ሳፋውን እረሳለሁ ማለት ነው። ለአንሶላ የተጸየፍኩትን ውሃ ለሰው ፊት ሳሞቅ ከርሜያለሁ።

“አንድ ደቂቃ” ብዬ ማንቆርቆሪያውን ይዤ በኋላ በር ወጣሁ። መኖሪያችን ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ነው። አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ወደ እኛ ጥሏል። ከበርሜሉ ስቀዳ አየኝ።

“ምን ሆንሽ?” አለኝ።

“ውሃ አለቀብኝ።”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም ክፋት አላሰብኩም። መልሱ ግን ከአፌ የወጣው በፍጥነት ነው፤ ውስጤ ያለ አንድ ነገር ከእኔ ቀድሞ ሳያስበው አልቀረም።

ውሃው ሲሞቅ ብሩሹንም የሳሙናውን ጎድጓዳ ሳህንም አጥቤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አረፋው በሃያኛው ዙር ቆመ። ድቅቅ ያለ፣ ወፍራም፣ ብሩሹን ሳነሳው ጫፉ የማይወድቅ። ጉንጫቸው ላይ ቀባሁት፤ እዚያው ቀረ። ምላጩ ሄደ። በአገጫቸው ሥር፣ በቀዩ ቁስል ዳር ስዞር ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እሳቸውም ይዘው ነበር። ስጨርስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ዳበሱና ወደ መስታወቱ ተጠጉ።

“የአባትሽ እጅ ነው” አሉ።

በሩ ላይ የነበሩት ገብተው ተቀመጡ። ሐጂ “እኔስ ሳሙናው ነው ያልኩት፣ ልጅቷን ምን አልኳት” አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ወንበሩ የእኔ ሆነ። እኔ ግን ምላጩን እየለቀለቅሁ እቆጥር ነበር። ቦቴው የጀመረው ሰኔ መግቢያ። አባቴ የመጀመሪያውን ሰው የቆረጠው ሰኔ ማለቂያ። ከዚያ በፊት ባለው ክረምትና በጋ ማንንም አልቆረጠም። እጁ አልከዳውም። የከዳው ውሃው ነው፤ ውሃውን ቀድታ፣ አሙቃ፣ በማንቆርቆሪያ ያቀበለችው ደግሞ ልጁ ናት።

ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ከነገርኩት ወንበሩን ይመልሳል፤ ወንበሩን ከመለሰ ደግሞ እንደገና “ቆይ” ነው። አንድ ቅዳሜ ብቻ ልያዘው፣ ደንበኞቹ ይልመዱኝ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። ሁለተኛውም ቅዳሜ መጣ። አባቴ እስኪወጣ እየጠበቅሁ ከበርሜሉ እንደ ሌባ እቀዳለሁ።

እሱ ደግሞ እጁን መጠበቅ ጀመረ። ጠዋት መስኮቱ ዘንድ ቀና አድርጎ ይይዘውና ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። ቡና ሲቀዳለት “ጎደል አድርጊው” ይላል፣ እንዳይደፋው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ጨብጦት፣ ጣቶቹን አስቆጥሮት፣ ደህና ነህ አለው። ስንወጣ “ደብቆኝ ነው” አለኝ። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ጊዮርጊስ ለቅዳሴ ስንሄድ፣ ምኒልክ አደባባይ ላይ የድሮ ጓደኛው እጁን ዘረጋለት። አባቴ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ በአንገቱ ብቻ እጅ ነሳ። ሰውየው የተዘረጋ እጁን መልሶ ወሰደ። ከጎኑ ቆሜ ነበር። በራሴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም፤ ያኔም ግን አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቅዳሜ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ አባቴ በኋላ በር ገባ። ጺሙ ነጭ ሆኖ አድጓል፤ ራሱን መላጨት ከተወ ወር ሊሞላው ነው። ምንም ሳይል የጺም ወንበሩ ላይ ወጣ። ሰው ሲያስቀምጥበት እንጂ ራሱ ተቀምጦበት አይቼ አላውቅም።

“ላጪኝ” አለ።

ፎጣውን አሰርኩለት። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረው የዝናብ ውሃ ነው፤ ሌላ የለኝም። አረፋውን መትቼ ግራ ጉንጩ ላይ ቀባሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ገለጠው። እጁን ከፎጣው ሥር አውጥቶ ከጉንጩ ላይ በጣቱ ቆንጠር አደረገና በሁለት ጣቱ መካከል አሸው፣ ወደ መስታወቱ ቀና አድርጎ አየው።

“ሳሙናው ተቀይሯል?”

አዎ ብል ያልፍ ነበር። አውቄዋለሁ፣ ያልፍ ነበር።

“አይ” አልኩት። “ውሃው ነው፣ አባዬ። የዝናብ ነው። የቦቴው ውሃ ሳሙና ይበላል፤ አረፋ አያቆምም።”

ሰኔንና ሐምሌን በሐሳቡ ሲሄድባቸው ከመስታወቱ ውስጥ ይታየኛል።

“ምላጩን ስጪኝ።”

ሰጠሁት። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ ከጆሮው ሥር ጀመረ። የሚያየው ፊቱን አልነበረም፣ እጁን ነው። እጁ ውልፍት አላለም። ግራ ጉንጩን ጨርሶ ምላጩን ጠረገ።

“መቼ አወቅሽ?”

“በመጀመሪያው ቅዳሜ።”

ቀኙን ራሱ ቀባ። አገጩን፣ አንገቱን፣ የከንፈሩን ዙሪያ ላጨ፤ አንዲት ጠብታ ደም የለም። እኔ ፎጣ ይዤ እንደ እንግዳ ቆሜያለሁ። ቢጮህብኝ በተሻለኝ።

“ወንበሩን ፈልገሽ ነው” አለ።

“አዎ።”

“ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር።”

አሥራ አንድ ዓመት ስጠይቀው እንደኖርኩ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ግን ይህን የምልበት አፍ አልነበረኝም። ፎጣውን አቀበልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጺሙ ወንበር ጀርባ የቆመው እሱ ነው። የዝናብ ውሃ አሙቄ አመጣሁለት። ሽማግሌዎቹ እያዩ ከማንቆርቆሪያው ትንሽ መዳፉ ላይ አፈሰሰ፤ ሳሙና ነካ አድርጎ አሸው፣ አረፋው እስኪወጣ ጠበቀ፣ ከዚያ ብቻ ብሩሹን ነከረ። እኔ ያሞቅሁለትን ውሃ ከዚያ በፊት ፈትሾ አያውቅም ነበር።