የትዕግሥት ስላይዶች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስለ ትንኝ ክሮሞዞም ከየት ጀምሬ አስረዳቸዋለሁ እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ። ለእናንተ ግን እናገራለሁ።

ትዕግሥት ትባላለች። ሁለተኛ ዲግሪያችንን አብረን ነበር የምንማረው። አባቷ እንጦጦ ላይ ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እሷም ከማሳቸው በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ካለ ምንጭ፣ ከታች ደግሞ ውሃው የካ ሰፈር ከሚገባበት፣ የማይናከሱ ትንኞችን እጭ ትሰበስብ ነበር። ክር የሚያካክሉ ቀያይ ትሎች ናቸው። በዓይን ሲታዩ የላዮቹም የታቾቹም አንድ ናቸው። የምራቅ ዕጢያቸው ክሮሞዞም ግን ትልቅ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ጥለት የተሰመረ። በምንጩ ትሎች ላይ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል አንድ ቦታ ተገልብጦ አገኘችው። ከታቾቹ በአንዱም ላይ አልነበረም። ሁለቱ በሚገናኙበት ውሃ ውስጥም ድብልቅ አጣች።

"አይዳቀሉም ማለት ነው" አለችኝ ክንዴን ይዛ። "ሌላ ዝርያ ነው።"

ደስ አለኝ አልኳት። ቀንቼ ነበር።

አንድ ከሰዓት ዘመድ ሞቶባት ስትወጣ ስላይዶቿን፣ ክሮሞዞሞቹ ያሉባቸውን ቀጫጭን መስታወቶች፣ ሳጥን ውስጥ እንድከትላት ለመነችኝ። እኔ ሳላስበው አልኮል ደፋሁባቸው። የምንጩ ወይም የታቹ የሚሉት መለያ ወረቀቶች ረጥበው ተላቀቁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ደውዬ መናገር። እኔ ግን መገናኛ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልድረስ ብዬ በግምት ለጠፍኳቸው። የአንዲት ሴት የሁለት ዓመት ልፋት፣ እኔ በግምት ለጠፍኩት።

ጥናቷን ስታቀርብ ፈታኙ ስላይዶቹን አንድ በአንድ አዩ። "ማስታወሻሽና ስላይድሽ አይገናኙም" አሏት።

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት" አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ጠቆመች። "ሳጥን ውስጥ የከተተልኝ እሱ ነው። ጠይቁት።" እንድመሰክርላት ነበር።

አማካሪያችን ዞሩ። "መለያዎቹን ነክተሃል?"

"አልነካሁም" አልኩ።

አልነካሁም አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ውጤት ፈጥራ ጽፋለች ተባለና ከትምህርቱ ተሰናበተች።

እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ እንደገና ሰብስቤ አሳያለሁ ብላ ወደ ምንጩ ወጣች። እኔም ወንፊቷን ተሸክሜ አብሬያት ወጣሁ። እንዴት እግሬ እንደታዘዘኝ አላውቅም። ስንደርስ ለግንባታ የመጣ አፈር ምንጩን ደፍኖታል። አባቷ ዶማቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ አባትና ልጅ ጭቃውን ሲቆፍሩ፣ እኔ ወንፊቱን ይዤ ቆምኩ። ውሃም ትልም ጠብ አላለም። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥት ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በጭቃማ እጇ ሸፈነች።

አባቷ ላባቸውን ጠርገው ወደ እኔ መጡ። "አንተ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። "ሁሉም ሲሸሿት አንተ ብቻ ቀረህላት።"

ያኔስ ምነው አልተናገርኩም? አፌን ከፈትኩ፤ "አሜን፣ አባባ" ብቻ አልኳቸው።

እሳቸው ሞተዋል። ልጃቸው አጭበርባሪ እንዳልነበረች ሳይሰሙ ሞቱ። ትዕግሥት ጉርድ ሾላ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ ዝርያ በክሮሞዞም እንዴት እንደሚለይ ለተማሪዎች አስረዳለሁ። ያ የምንጩ ትንኝ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ፈልጌውም አላገኘሁት። ስም ሳይወጣለት የቀረው በእኔ ነው።

ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ ማለት እችል ነበር። አልልም። ወጣትም ሆኜ እውነቱን አውቅ ነበር። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የእሷ ነው። እሷ ደግሞ መለያዎቹን ራሷ ያሳሳተች እየመሰላት፣ የበደላት ሰው መኖሩን አታውቅም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ስማ፣ "አንተ እንኳ ደህና ነህ?" ትለኛለች።