ለቀለሙ ዋስ

ባለቤቴ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄድ ሁለት ነገር አደራ ብሎኝ ነበር፤ ራሴንና ቮልስዋገኗን። ራሴን እንዴት እንደምጠብቅ አልነገረኝም። ስለ መኪናዋ ግን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ሲነግረኝ ሄደ።

አልፈርድበትም። መኪናዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የፋብሪካ ባለሙያ ሲገዛት ወንበሮቿ ተቀዳደው ስፖንጃቸው ወጥቶ ነበር። ከሥራ በኋላ ግሽ አባይ ሰፈር ከተከራየናት ቤት ደጃፍ እየተቀመጠ፣ ነጭ ቆዳ በመርፌና በሲባጎ ሰፍቶ ያለበሳቸው እሱ ነው። ጎረቤቶቻችን «ነጭ ወንበር? በዚህ አቧራ?» እያሉ ሲስቁበት ሲባጎውን በጥርሱ ቆርጦ «ታያላችሁ» ይላቸው ነበር። ጣቱ ስንቴ እንደተወጋ የማውቀው እኔ ነኝ።

መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ ባትሪዋ እንዳይሞት ብቻ አልፎ አልፎ እስከ ሐይቁ ዳር ነድቼ እመልሳታለሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ የተወደደ ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ሶፋው ላስቲክ አለው። እነዚያ ነጭ ወንበሮች ብቻቸውን ራቁታቸውን መቅረታቸው አላስችል አለኝ። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ቀይ የመኪና ወንበር ልብስ ተሰቅሎ ሳይ ዓይኔ እዚያው ቀረ።

ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው በሙሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ጨርቁን እየዳበስኩ «ቀለሙ አይለቅም?» አልኳቸው።

«ቀለሙ?» አሉና ደረታቸውን መቱ። «ለቀለሙ እኔ ዋስ ነኝ!»

በጣም ርካሽ ነበር። ርካሽነቱ ሊያስጠረጥረኝ ሲገባ ጭራሽ ደስ አሰኘኝ።

ክረምት ገባ። ለካ በመስኮቶቹ ጎማ በኩል ውሃ ይገባ ኖሯል። አንድ ቀን ፀሐይ ብቅ ስትል ልብሱን ላናፍሰው ብዬ ብገልጠው ነጩ ቆዳ የለም። ወንበሮቹ ቀይ ሥር የተከተፈባቸው ይመስላሉ። በሳሙና አሸሁ፣ በሎሚ አሸሁ፣ በላምባ ሞከርኩ፤ ቀዩ ሮዝ ከመሆን በቀር ንቅንቅ አላለም። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ለመስከረም እደርሳለሁ ብሎ ጽፎልኛል፤ መጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ያን የደከመበትን ወንበር ነው።

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ዕቃ ከወጣ ወጣ ነው» አሉኝ። «ደሞስ እኔ አልነከርሁት።»

«ለቀለሙ ዋስ ነኝ ብለውኝ የለም እንዴ?»

«እሱማ የገበያ ወሬ ነው» ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

የአገሩ ሰው ብሆን ሽማግሌ እልክባቸው ነበር። እኔ ግን ከናዝሬት በሥራ የመጣሁ ነኝ፤ የምልከው ዘመድ የለኝም። ንዴቴ ቀጥ አድርጎ ቀበሌ ወሰደኝና ፍርድ ሸንጎ ከሰስኳቸው።

እሑድ ቀረብን። ዳኞቹ የወንበሩን ልብስ ውሃ ነክረው በነጭ ጨርቅ አሹት። ጠብ የሚል ቀለም የለም! ከንዴቴ የተነሳ ደጋግሜ አጥቤው ስለነበር የሚለቀውን ሁሉ ለቆ ጨርሷል። ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ «ይኸው» አሉ። ሰብሳቢው የወንበሩ መቅላት ብቻውን አይበቃም ብለው፣ ሌላ ማስረጃ እንዳመጣ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ሰጡኝና ወደ ሐጂ ዞረው «እርስዎም ዋስ ይጥሩ፤ አለዚያ እስከ ቀጠሮው እዚሁ ይቆያሉ» አሏቸው።

የዚያን ዘመን የቀበሌ እስር ቤት ቀልድ አልነበረም። የሐጂ ልጆች ለንግድ ወረታ ሄደዋል። ሽማግሌው አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ዋሴ እሷ ትሁን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው «ከሳሽዎ እኮ ናት!» አሉ።

«ቢሆንስ? ሰሞኑን ከእሷ የበለጠ ከማን ጋር ተነጋገርሁ?»

ድፍረታቸው አንጨረጨረኝ። ነገር ግን ያን የእስር ቤት በር አየሁ፣ ነጭ ጢማቸውን አየሁ፤ አንጀቴ አልቻለም። ፈረምኩ።

በሳምንቱ መሃል በሱቁ ሳልፍ ተዘግቷል። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ «ሐጂ? በጀልባ ሐይቁን ተሻግረው ደልጊ ሄዱ» አለኝ። ወንበሬም ጠፋ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልታሰርላቸው ነው! የቤት አከራያችን «መክሰስሽ ሳያንስ መዋስሽ!» እያሉ ሳቁብኝ። ባለቤቴ መጥቶ ሚስቱን ከቀበሌ ሲያስፈታ ታየኝ።

ጀልባው ይመለሳል በተባለበት ቀን ወደብ ሄጄ ቆምኩ። የእህል ጆንያ ወረደ፣ ፍየል ወረደ፣ ሰው ወረደ። ከሁሉም ኋላ ሐጂ፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ በብብታቸው ጥቅል ይዘው ወረዱ። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ጥቅሉን ፈትተው የወንድ ሸሚዝ ዘረጉልኝ። ፊቱ ነጭ ነው፤ ጀርባው ከትከሻ እስከ ወገብ ቀልቷል።

«ያንን የወንበር ልብስ ደልጊ እህል ለሚጭን ሾፌርም ሽጨለት ነበር» አሉ። «ላቡ ነው ቀለሙን ያወጣው። አዲስ ሸሚዝ ሰጥቸው ይሄን ተቀበልሁት።»

«ለምን አመጡት? ያስፈርድብዎታል እኮ!»

«አንቺ ዋሴ ባትሆኚ ኖሮ ሐይቁ ላይ እጥለው ነበር» አሉ። «ዋሴን ምን ብዬ ላሳፍር?»

እሑድ ሸሚዙን ሸንጎው ፊት የዘረጉት ራሳቸው ናቸው። ተፈረደባቸው። በራሳቸው ወጪ ነጭ ቆዳ ፈልገው ኮርቻ ሰፊ አመጡልኝ፤ የተገኘው ቆዳ ግን ለፊተኞቹ ወንበሮች ብቻ በቃ። የኋላው ሮዝ እንደሆነ ቀረ። ሰብሳቢው «ዋስነትሽ ወርዷል» ሲሉኝ ሐጂ እጃቸውን አንስተው «ለምን ይወርዳል? ይቆይ እንጂ» አሉ። ሳላስበው ሳቅኩ።

ባለቤቴ በመስከረም መጣ። መኪናዋን እየነዳሁ ልቀበለው ሄድኩ። አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ጉዞው እያወራ፣ እጁ ሳያውቀው የወንበሩን ጠርዝ ይዳብስ ጀመር። ወሬውን አቆመ።

«ይህ የእኔ ስፌት አይደለም።»

መኪናዋን መንገድ ዳር አቁሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ልብሱን፣ ዝናቡን፣ ሸንጎውን፣ ሸሚዙን። ዞሮ ሮዙን የኋላ ወንበር ለረጅም ጊዜ አየው። አንዲት ቃል ቢናገረኝ ልቅሶዬ ዝግጁ ነበር። እሱ ግን እጄን ይዞ «ቤት ከመሄዳችን በፊት ዋስ የሆንሽላቸውን ሰው አሳዪኝ» አለኝ።

ሐጂ ሱቃቸውን ሲዘጉ ደረስን፤ ቤታቸው ልናደርሳቸው የኋላውን በር ከፈትንላቸው... ቮልስዋገን ናትና የፊተኛውን ወንበር አጥፈን አሳለፍናቸው ማለቴ ነው። ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ ግን ቆም አሉ። ነጭ ጀለቢያቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሰብስበው፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ደርቋል?»