ፈንታዬ ያስቀረችው ልጅ

የቄስ ካሳ ሚስት ፈንታዬ ነገርን አስቀድማ ሳትመክርበት የማትነሳ ሴት ነበረች። ገበያ ስትወጣ የትኛው ዳገት ላይ እንደምታርፍ፣ ጨውን አስቀድማ ትገዛ ወይስ በርበሬውን፣ በማን ደጅ አልፋ ውሃ እንደምትጠጣ ማታውኑ አስባ ትተኛለች። ባሏ «አንቺን የጦር አዝማች ማድረግ ነበር» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ስቃ ታልፈዋለች እንጂ በልቧ ደስ ይላታል።

ቤታቸው ከመካነ ሰላም ራቅ ብሎ፣ ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቀው ጎን ላይ ነበር። ልጆቿ ጥምቀትን የሚያውቁት በሰፈራቸው ብቻ ነው፤ ታቦቱ ከወንዝ ወጥቶ እስኪገባ እልል ብለው ይመለሳሉ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን ፈንታዬ ከተማ ወስዳ ልታሳያቸው ቆረጠች። የሰፈሩ ታቦት በገባ ማግስት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከተማው ሜዳ ላይ ጉግስ አለ። ከየአገሩ ፈረሰኛ ይመጣል። ሸንኮራ ይሸጣል፣ ፊኛ ይሸጣል። ቄስ ካሳ በአገልግሎቱ ሲደክሙ ስለሚሰነብቱ ለእሷና ለጎረቤቷ ለአልታዬ ተዉላቸው።

ሁለቱ ሴቶች ከምንጭ ውሃ ሲቀዱ ነገሩን አወጡ አወረዱ። ፈንታዬ ሁሉንም አሰናድታው ነበር።

«በዶሮ ጩኸት ተነስተን ፀሐይ ሳትከር ዳገቱን እንጨርሳለን» አለች። «ልጆቹን ከሕዝቡ መካከል አናስገባም። ከሜዳው በላይ ያለችዋን ጉብታ ታውቂያት የለ? እዚያ እናስቀምጣቸዋለን፤ ፈረሱም ከዚያ ይታያል፣ ታቦቱም በዚያው ነው የሚያልፈው። ዳቦውን ሳይርባቸው እናበላቸዋለን፤ የራበው ልጅ ፈረስ ቢያሳዩት ምኑ ነው። ቀትር ላይ የአክስቴ ልጅ ቤት ወስደን ጋደም እናደርጋቸዋለን። ከዚያ ታቦቱን ሸኝተን፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ከአገራችን ሰው ጋር እንመለሳለን።»

«ቸኮልስ?» አለች አልታዬ።

ፈንታዬ እንስራዋን አስተካከለች። «እሱ ላይ ስደርስ ነው ሐሳቤ የሚቋረጥ።»

ሦስት ልጆች ነበሯት። ሐረግ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያዝ ያሏትን የምትይዝ፣ ቁጭ ካሏት የማትነሳ ልጅ። መለሰ ገና ጡት አልጣለም። በመካከላቸው ያለው የአምስት ዓመቱ ቸኮል ግን እንደ ስሙ ነው፤ ዓይኑ ያረፈበትን እግሩ ይከተላል። ከወር በፊት ገበያ ይዛው ወጥታ፣ እጇን አስለቅቆ ጭነት የያዙ በቅሎዎች ተከትሎ ጠፋ። ገበያተኛው ሁሉ ሲፈልገው ውሎ ከአንድ ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ቁጭ ብሎ ቆዳ ሲያሸት ተገኘ። የዚያን ዕለት ድንጋጤ ከፈንታዬ አልወጣም።

«ውሰጅው እንጂ» አሏት ቄስ ካሳ። «ከሁሉም የሚጓጓ እሱ ነው። ስለ ፈረስ ሳያወራ ውሎ አያውቅም።»

«አንዱ ጀርባዬ ላይ ነው። በአንድ እጄ ሐረግን እይዛለሁ፣ በሌላው ስንቄን። እሱን በምን ልያዘው? አንቱ እዚያ አይኖሩ። ያን ሁሉ ፈረስ አይቶ ቁጭ የሚል ይመስለዎታል?»

ቄስ ካሳ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ።

ለበዓሉ ለልጆቹ ልብስ ተሰፍቶላቸው ነበር። የቸኮል ካኪ ሸሚዝና ቁምጣ ነው። የሚሄዱ ለት ዋዜማ ማታ አውልቅ ቢሉት እምቢ ብሎ ለብሶት ተኛ። ሲቀሰቅሱት በመልበስ እንዳይዘገይ አስቦ ነው። ፈንታዬም አላስገደደችውም፤ ያን ጊዜ ሐሳቧን ቆርጣለችና ፊቱን ላለማየት ወደ ምድጃው ዞረች።

ሌሊቱን ሐረግን በጆሮዋ አንሾካሹካ አስነሳቻት። መለሰን አዘለች። ቸኮል ከመደቡ ጥግ እጁን ከአንገቱ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ተራምዳው አለፈች።

አማቷ ከበሩ ዘንድ ቆመው «ሲነሳ ምን ልበለው?» አሏት።

«ለከርሞ ይበሉት።»

ውሎው እንዳሰበችው ሆነላት። ዳገቱን በጠዋት ጨረሱ። ጉብታዋ ላይ ቀድመው ደርሰው ጥሩ ቦታ ያዙ። ፈረሶቹ በጌጥ ተንቆጥቁጠው ሜዳውን ሲያቋርጡ መሬቱ ከሥራቸው ሲርገበገብ ሐረግ አፏን ከፍታ ቀረች። መለሰ እንኳ አላለቀሰም። ሌሎች እናቶች የጠፋ ልጅ ፍለጋ በሕዝቡ መካከል ሲራወጡ ፈንታዬ ከላይ ሆና አየቻቸውና «እንኳን አላመጣሁት» አለች ለአልታዬ። ያቺን ቃል ኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስባት ኖራለች።

ሲመለሱ ጀምበር ልትገባ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ቸኮል ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ካኪው ጉልበቱ ላይ በጭቃ ተለውሷል፤ ጠዋት ሲነቃ ተከትሏቸው እስከ ጅረቱ ወርዶ ኖሮ እረኞች ናቸው የመለሱት። አላለቀሰም። ያመጣችለትን ሸንኮራ ተቀብሎ በእጁ እንደያዘ፣

«ፈረሶቹ ሄዱ?» አላት።

«ሄዱ። ለከርሞ ይመጣሉ። ለከርሞ አንተን ብቻ ነው የምወስድ፤ እነሱ ይቀራሉ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻህን።»

አመናት። በማግስቱ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ «እኔ ለከርሞ ብቻዬን ነው የምሄድ» እያለ ሲናገር ዋለ።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። ሰው ክረምቱን ተስፋ አደረገ። ክረምቱም ሐምሌ ላይ አንድ ሁለቴ ጥሎ አቆመ፤ የበቀለው ጤፍ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። መስከረም ላይ አብዮቱ አሥር ዓመት ሞላው ተብሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰውን ሁሉ ለሰልፍ ጠራ። ቄስ ካሳም ከሰው ጋር ወጥተው፣ በቀይ ጨርቅ ባጌጠው ሜዳ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን እየተባለ ሲፎከር ቆመው ሰሙ። ተመልሰው የመጨረሻዋን ላም ለገበያ አወጧት። የገዛት ሰው ቆዳዋን አስቦ ነው።

ኅዳር ላይ አማቷ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ቄስ ካሳን ተስቦ ወሰዳቸው፤ ፍትሐት የሚያደርስላቸው ካህን ከሌላ ደብር ተለምኖ መጣ። አልታዬ ከነባሏ ወደ ደሴ አቅጣጫ ወጥታ ሄደች። ፈንታዬም ደጇን በእሾህ ዘግታ ሦስቱን ልጆች ይዛ ወደ መካነ ሰላም ወጣች። ያ በጠዋት የተጨረሰ ዳገት ያን ጊዜ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሰው በየጥጉ ወድቋል። የት እንደምታርፍ አስቀድማ አላሰበችም፤ ልጆቹ ያቃታቸው ቦታ ላይ ትቀመጣለች።

ጥር ሲመጣ እህል በሚታደልበት ሰልፍ ላይ ነበረች። ታቦቱ ወጣ። እልልታው ከሩቅ ይሰማል፤ ቀጭን ነው። ፈረስ የሚባል አልነበረም፤ ወይ ሞቷል ወይ ተበልቷል። ቸኮል ጎኗ ተቀምጦ ዕለቱ ምን እንደሆነ እያወቀ አንድም ነገር አልጠየቃትም። ቢጠይቃት ይሻላት ነበር።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሟ አሻግሬ መጣ። ሠፈራ ተመዝግቦ ነበር፤ መተከል ሊሄድ።

«እቴ ፈንታዬ» አላት፣ «ቤተሰብ ላለው ቤትና መሬት ይሰጠዋል ይላሉ። እኔ ብቻዬን ነኝ። አንዱን ልጅ ስጭኝና አንቺም ሸክም ይቅለልሽ። እዚያ ዝናብ አለ። የሚበላ አለ።»

«የትኛውን?»

አሻግሬ መሬት መሬቱን አየ። «እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሐረግ ሰልፍ ትይዝላታለች፤ ውሃ ትቀዳላታለች። መለሰ ከእሷ ቢለይ አያድርም። ሁለት ጊዜ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ በኋላ የቆጫትም ይኸው ፍጥነቷ ነው። የመካከለኛው ልጅ ተራ ዳግም ደረሰ።

በዚህኛው ጊዜ ተኝቶ ሳለ አላስወሰደችውም። አስቀምጣ ነገረችው።

«ከአጎትህ ጋር ትሄዳለህ።»

«እናንተስ?»

«እንከተላለን።»

ቸኮል ሐረግን አየ፣ መለሰን አየ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ። የጭነት መኪናው ላይ ሰው ተጨናንቆ ስለነበር አሻግሬ አንስቶ ሲያስገባው የታያት የእግሩ ጫማ ብቻ ነው። «አብሽሪ» አላት አሻግሬ ከላይ ሆኖ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ፈንታዬ የሰልፍ ተራዋ እንዳያልፍባት ወደ እህሉ ሮጠች።

እሷና ሁለቱ ልጆች ተረፉ። ክረምቱ ዘነበ፤ ዘር ተሰጣቸውና ወደ ደጃቸው ተመለሱ። ከመተከል ጠፍተው የመጡ ሰዎች አሻግሬ ገና በመጀመሪያው ክረምት በወባ መሞቱን አወሩላት። ስለ ልጁ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ተዝካር እንዳታወጣለት ሞቱን አልሰማች፤ እንዳትጠብቀው መኖሩን አታውቅ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ሐረግ ለብሳ ስትወጣ እሷ ቤት ትቀራለች።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ አንድ ቁመቱ የዘለገ ልጅ በደጇ ቆሞ «የፈንታዬ ቤት ይሄ ነው?» አለ። ድምፁ የጎረመሰ፣ አነጋገሩ የሌላ አገር ነው። ያወቀችው በአስተያየቱ ነው፤ እያናገራት ዓይኑ ከኋላዋ የምትሄደውን በቅሎ ይከተላል።

በቆየባቸው ሳምንታት ያላበላችው፣ ያላለበሰችው የለም። አንድ ቀን ማረሻ ሲስል አጠገቡ ተቀምጣ ያን የጥምቀት ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው፤ ካኪውን፣ ተራምዳው ማለፏን።

«አላስታውሰውም» አላት ቸኮል።

«ፈረሶቹንስ?»

«እሱንም አላስታውሰውም። እኔ የማስታውሰው እንከተላለን ማለትሽን ነው። እዚያ እንደደረስን መኪና በመጣ ቁጥር ወጥቼ አይ ነበር።»

ይቅር በለኝ ልትል ፈልጋ ከማረሻው የረገፈውን ብናኝ በእጇ መጥረግ ያዘች። እሱም አልጠበቃትም፤ ብረቱን ገልብጦ ሌላውን ጎኑን መሳል ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ወደ መተከል እንደሚመለስ ነገራት። አሻግሬ ሲሞት ወስዳ ያሳደገችው ሸጋዬ የምትባል የኩታበር ሴት ናት፤ ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ የሄደች። «ብቻዋን ናት» አለ። ፈንታዬን ቅር እንዳይላት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ስሟን እየጠራ እንጂ እማ እያለ አላወራም። አንድ ጊዜ ብቻ አምልጦት «እማ» አለ።

ከዓመታት በኋላ ለቸኮል ሠርግ ሐረግና መለሰ አውቶቡስ እያቀያየሩ መተከል ወሰዷት። ሸጋዬ ከደጅ ወጥታ ተቀበለቻት፤ አጠር ያለች፣ ከእሷ ይልቅ ሕመምተኛ የምትመስል ሴት። ሁለቱን እናቶች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ሙሽራው ጉልበት ለመሳም ሲመጣ ወደ የትኛዋ አስቀድሞ እንደሚያጎነብስ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ቸኮል መካከል ላይ ቆም አለ። ፈንታዬ በክንዷ ሸጋዬን ገፋ አደረገቻት፤ «እሷን» አለችው ቀስ ብላ። አስቀድሞ የሸጋዬን ጉልበት ሳመ፣ ከዚያ የእሷን።

ግርግሩ ካለፈ በኋላ ብዙ ቀን ቆየች። ማለዳ ማለዳ ከሸጋዬ ጋር ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። ሸጋዬ ልጁ ወባ ይዞት እንዴት እንዳደረ፣ ወንዝ ዳር ጠፍቶ እንዴት እንዳገኘችው፣ ለትምህርት ቤት ሲመዘገብ የእናት ስም ቢሉት እንዴት ዝም እንዳለ ታወራላታለች።

«ከዚያስ?» ትላታለች ፈንታዬ፣ ወደ እሷ ጠጋ ብላ።