በክብሪት እንጨት የተለካ ባቡር

ሚስቴ የሕፃን አልጋ ግዛ ብላ ላከችኝ፤ እኔ ባቡር ገዝቼ ተመለስኩ።

ይህን ለሰው ስናገር “አሁንስ አበዛኸው” ይሉኛል። በሌላው ነገር አልፈርድባቸውም፤ እኔ ካፊያ ሲጥል የኖኅን መርከብ የማስጠራ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን እውነት ነው። ባቡሩ ከእጅ መዳፍ ትንሽ ቢረዝም ነው እንጂ ባቡር ነበር።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ቦሌ አካባቢ የሚኖሩ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የቤት ዕቃቸውን ግቢያቸው ውስጥ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ወሬው ወሎ ሰፈር፣ እኛ ዘንድ፣ ከፈረንጁ ሐሳብ ቀድሞ ይደርሳል። ሰውየው ልሂድ ወይስ ልቆይ እያለ ሲያመነታ እኛ ፍሪጁን ተከፋፍለን ጨርሰናል። ያን ቀን ግን ተቀደምኩ። እኔ ወደ ግቢው ስገባ የሕፃን አልጋው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲወጣ በር ላይ ተላለፍን።

ባዶ እጄን ብመለስ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቴ የምታደርገኝን እያሰብኩ ዞር ዞር ስል፣ ከተሸራረፉ ሳህኖች መሃል አንድ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ አየሁ። ፉርጎ የለው፣ ሐዲድ የለው፣ ብቻውን ቆሟል። ሳነሳው ከበደኝ። አንድ ኩንታል ብል ውሸት ነው፤ ግማሽ ኩንታል ግን አያጣም።

“የምን አገር ነው?” አልኩት ዘበኛውን።

“እኔ ምን አውቄ ጌታዬ። ይሄኛው ፈረንጅ ከበፊተኛው ፈረንጅ ነው የገዛው። የበፊተኛው ደግሞ ቤቱን ሲከራይ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘው።”

ገልብጬ ሆዱን አየሁት። የፋብሪካው ስም የነበረበት ቦታ ላይ አንድ እጁ የማያርፍ ሰው ሞረድ አሳርፎበታል። የቀረ ፊደል የለም። ገዛሁት። የገዛሁት ግን ለሚወለደው ልጅ አልነበረም፤ ለአማቴ ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድሬዳዋ በምድር ባቡር የሠሩ ሰው ናቸው። ባቡሩ ሲቆም መዶሻ ይዘው ከሥሩ ይገቡና የብረት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያንኳኳሉ፤ የተሰነጠቀውን ከጤነኛው በድምፁ ይለያሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል። ወደ እኛ የመጡት የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ነበር። ተገፈፈላቸው፤ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ተሰጣቸው፤ ምክንያታቸውም በዚያው አለቀ።

ትልቅ ሰው ደግሞ በሴት ልጁ ባል ቤት ያለ ምክንያት አይቀመጥም። ለሕክምና ይመጣል፣ ለለቅሶ ይመጣል፣ ለሰርግ ይመጣል። ዝም ብሎ ተቀምጦ የአማቹን እንጀራ ሲበላ ግን አይገኝም፤ ሰው ምን ይላል? ሚስቴ “እስክወልድ እንኳ ቆይ አባዬ” ስትለው “ወሊድ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ለክርስትናው እመጣለሁ” ይላታል። (እሷ አባቷን አንተ ነው የምትለው። ድሬዳዋ ሁሉም ሰው አንተ ነው። እኔ የሸገሩ ልጅ እርስዎ ስላቸው “እርስዎ አትበለኝ፤ እኛ አገር እርስዎ የሚባለው አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ነው” ይሉኝ ነበር።)

ሚስቴ የምትፈራው ግልጽ ነበር። ድሬዳዋ ያለው ባዶ ቤት ነው። አባቷ ሻይ እንኳ ለብቻው አፍልቶ የማያውቅ ሰው ነው። “ከተመለሰ ዓመት አይሞላውም” እያለች ታለቅሳለች። እኔ ልለምናቸው ብል ደግሞ ማን ሰምቶኝ? አማቴ በቦሌ ሰማይ ላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን በጥርጣሬ እያዩ “ሐዲድ የሌለው ነገር አይታመንም” የሚሉ ሰው ናቸው፤ ስለ እኔም ያላቸው አስተያየት ከዚህ ብዙ አይርቅም። “ልጄ ሐዲድ የሌለው ሰው አገባች።”

ባቡሩን ይዤ የደረስኩት ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ባወጡ ቀን ነው።

“አባባ፣ ይሄ እኮ የናንተው ነው!” አልኩ ገና ከበር። “በመስመሩ ላይ የሠራ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የናንተን ሎኮሞቲቭ ለማስታወሻ ብሎ አስመስሎ የሠራው ነው። ዘበኛው በመሐላ ነግሮኛል።”

ዘበኛው ከማለ እኔ ጳጳስ ነኝ።

“አልጋውስ?” አለች ሚስቴ።

“እየመጣ ነው።”

“በምን?” አለችና የያዝኩትን አየች። እንዲያ ያለ አስተያየት ሐዲድ ያቀልጣል።

አማቴ ግን እጃቸውን ዘረጉ። መዘኑት፣ ገለበጡት፣ መነጽራቸው ሥር አስጠጉት። የሻይ ማንኪያ አስመጡና ስምንቱን ጎማዎች አንድ በአንድ እያንኳኩ በጆሯቸው አዳመጡ።

“የእኛ ነው ያለህ ማነው?”

“ዘበኛው።”

“እህ።” ማንኪያውን አስቀመጡ። “እንግዲህ ሳላጣራ አልሄድም።”

ሚስቴ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ተከትያት ስገባ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልለየኝም። “ካጣራ በኋላስ?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“እንዳያጣራ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው” አልኳት።

እንዲህ ሆኖ ሥራ ጀመርኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ነገር ማጓተት ያስተማረኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። ከቢሮ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ እየሮጥኩ እመጣለሁ። አማቴ በረንዳው ላይ ባቡሩን ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ቀለሙን በመርፌ ጫር አድርገው “ሥሩ ሌላ ቀለም ቢኖር እናገኘው ነበር” ሲሉ፣ እኔ “ፈረንሳዮች ግን ሁለቴ አይቀቡም አሉ” እላለሁ። ማን እንዳለ አላውቅም። ፊቱ ላይ ካሉት ሁለት መብራቶች አንዱ መሰበሩን ሲያዩ፣ አዋሽ ላይ በሬ ገጭቶ የተሰበረ የእውነተኛ ባቡር መብራት ታሪክ እፈጥራለሁ። “በሬውስ?” ይሉኛል። “በሬው ዳነ።” “እሱስ ዳነ፤ አንተን ምን ገጨህ?”

በዚህ መሃል ያልጠበቅኩት ነገር መጣ፤ እሳቸው ማውራት ጀመሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ስማቸውን እንኳ አንስተው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ማንኪያዋን ይዘው ጎማውን ነካ ነካ ሲያደርጉ እንዲህ አሉ፦

“መጀመሪያ ያየኋት ከባቡር ሥር ሆኜ ነው። እግሯን ብቻ። ከእናቷ ጋር ፉርጎው አጠገብ ቆማለች። እኔ እያንኳኳሁ ነው። ጎንበስ አለችና ‘ለምን ትመታዋለህ? ምን አጠፋ?’ አለችኝ።”

“ምን አሏት?”

“ምን እላለሁ? ‘እውነቱን እስኪናገር ነው’ አልኳት። ሳቀች። ባቡሩ ሄደ፣ እሷ ሄደች፣ እኔ ጎማው ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ ሳላውቅ አሳለፍኩት። በሥራ ዘመኔ ያን አንድ ባቡር ብቻ ነው ሳልሰማው ያሳለፍኩት።”

ቀና ስል ሚስቴ የምትለቅመውን ምስር ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የእናቷንና የአባቷን መተዋወቅ እሷም የሰማችው ያን ቀን ነው። ያ ምስር ሳይለቀም ተቀቀለ፤ ሦስታችንም ከነጠጠሩ በላነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ድፍረቴ ወሰን አጣ። ተራ ማጓተት አልበቃኝም፤ ማስረጃ ለመፍጠር ተነሣሁ። መሥሪያ ቤታችን የበር ሰሌዳ ከሚጽፈው ሰውዬ ነጭ ዘይት ቀለም ለመንኩ። በማግስቱ ጠዋት አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ፣ በሎኮሞቲቩ ጎን ላይ በቀጭን ብሩሽ ቁጥር ጻፍኩበት። አገርኛ መልክ ይኑረው ብዬ ደግሞ በሚያምር የግዕዝ ቁጥር ነበር፦ ፪፻፲፬። ደስ አለኝ። ራቅ ብዬ አየሁት፤ ቀረብ ብዬ አየሁት። ቢሮ ዘግይቼ ገባሁ።

ማታ እራት ሳንበላ አማቴ ባቡሩን አነሡ።

“ይሄ ቁጥር ትናንት አልነበረም።”

“አቧራ ሸፍኖት ይሆናላ፣ አባባ።”

ጣታቸውን አሳረፉበት። ጣታቸው ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሕፃን ፊደል እንደሚቆጥር፣ “ሁለት መቶ... አሥራ አራት” ብለው አነበቡ።

“እኔ ዕድሜ ልኬን በፈረንጅ ቁጥር በተጻፈ ባቡር ሥር ስገባ ስወጣ ኖርኩ። በግዕዝ የተቆጠረ ሎኮሞቲቭ አሁን ገና ማየቴ ነው። ነጂው መሪጌታ ነበሩ?”

ሚስቴ ውኃ እየጠጣች ነበር፤ ውኃው በአፍንጫዋ ወጣ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። በቃ፣ አለቀ፣ ነገ ለገሃር ወርደው ቲኬት ሊቆርጡ ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ጣታቸውን በጋዜጣው ጠርገው “ይሄም መጣራት አለበት” አሉና እንጀራቸውን ቆረሱ።

እኔ ሞኙ፣ አሞኘኋቸው ብዬ ተኛሁ።

አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። የሚስቴ ሆድ ከበሩ ቀድሟት መግባት ጀመረ። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሻንጣው በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሚስቴ ዓይኗ ቀልቷል።

“ምን ሆነ?”

“ስኳር ላውጣ ብሎ ቀበሌ ሱቅ ሄደ። ሰልፉ ላይ ያቺ ከጀርባችን ያለችው ሴትዮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‘አባባ፣ ጠቅልለው ገቡ እንዴ?’ አለችው።”

ሴትዮዋ ክፋት አልነበራትም፤ ሰላምታ መስሏት ነው። አማቴ ግን ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ባቡሩ ፊታቸው ነው። በእጃቸው አንዲት የተቆረጠች የክብሪት እንጨት ይዘዋል።

“ና፣ ተቀመጥ። አጣርቻለሁ” አሉኝ። ባቡሩን ገልብጠው እንጨቷን በግራና በቀኝ ጎማ መሃል አስገቧት፤ ልክ ነበረች። “ይሄ የሐዲዱ ስፋት ነው።” ከዚያ ባቡሩን አቁመው እንጨቷን በጣሪያው ወርድ ላይ አጋደሙና በጥፍራቸው ምልክት እያደረጉ ለኩ። “አንድ፣ ሁለት። አለቀ። የእኛ ሐዲድ ጠባብ ነው፤ አንድ ሜትር። ባቡራችን ግን ሆዱ ሰፊ ነው፤ የሐዲዱን ስፋት ሦስት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጠባብ ጫማ ያደረገች ወፍራም ሴትዮ በላት። ይሄ በሰፊ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ነው። የእኛ አይደለም።”

“ምናልባት እንጨቷ...”

“እንጨቷ እንደ አንተ አይደለችም።”

“መቼ ለኩት?”

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ዓይናቸው ትንሽ ነበር። “ባመጣኸው ማግስት።”

ሦስት ቀልድ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ አንዱ በጣም ጥሩ ነበር። ሦስቱንም ዋጥኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ውጬ አላውቅም።

“አባባ፣ ባቡሩ የማንም ይሁን፣ አይሂዱብን” አልኩ። “እሷ ስትወልድ እናት የላትም። እርስዎ ብቻ ነዎት ያሉት። እኔም ከሥራ ስመጣ እርስዎ በረንዳው ላይ ሲጠብቁኝ ደስ ይለኛል።”

“ጨረስክ?”

“ጨረስኩ።”

“የጨመርክበት የለም?”

“የለም።”

አውሮፕላን በላያችን አለፈ። አማቴ ሎኮሞቲቩን አነሡና በመዳፋቸው አገላበጡት። ሞረድ የፈቀውን ሆዱን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አሻሹት።

“የእኛ አለመሆኑን አወቅን” አሉ በመጨረሻ። “የማን እንደሆነ ግን መቼ አወቅን?”

“አላወቅንም” አልኩ ፈጥኜ።

“ሥራ በጅምር አይተውም። ያቺ ሴትዮ ደግማ ብትጠይቀኝ ምርመራ ላይ ነኝ እላታለሁ።” ኮታቸውን አወለቁ። “ያን ሻንጣ ከመንገድ ላይ አንሣ፤ ነፍሰ ጡር ትደናቀፍበታለች።”

ምርመራው ስድስት ዓመት ፈጀ። ባቡሩ አንዴ የቤልጅግ ሆነ፣ አንዴ የኦስትሪያ፣ አንድ ክረምት ሙሉ የስዊድን ሆኖ ከረመ። ለእያንዳንዱም አገር በምስክርነት የቀረብኩት እኔ ነኝ።